ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የእናትና የቤተሰብ አመጋገብ በሀዋሳ

እዚህ ሀዋሳ እናቶችን ሳማክር በየሳምንቱ የሚገጥሙኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበድ ያለው እሄዳለሁ።

"የተመጣጠነ ምግብ ብሉ" ትሉናላችሁ። ሥጋና ወተት በየቀኑ ከየት ይምጣ?

የተመጣጠነ ማለት ውድ ማለት አይደለም። ሥጋ በየቀኑ የግድ አይደለም። ዋናው ነገር የምግቡ ዓይነት መብዛቱ ነው። ለሴቶች የሚሠራበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ ምግብን በ10 ምድብ ይከፍለዋል፦ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝና የቅባት እህል፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ሥጋ ዶሮና ዓሣ፣ እንቁላል፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ እንደ ካሮት ዱባና ማንጎ ያሉ ውስጣቸው ቢጫ የሆኑ፣ ሌሎች አትክልቶች፣ ሌሎች ፍራፍሬዎች። በቀን ውስጥ ቢያንስ ከ5ቱ ምድብ የበላች ሴት ጥሩ ደረጃ ላይ ናት።

እስቲ ትናንት የበላሽውን ቁጠሪ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። እህል አንድ፣ ጥራጥሬ ሁለት፣ ሽሮው ውስጥ የገባውን ሽንኩርት ጨምረን ሦስት። ሻይ አይቆጠርም። አሁን ምሳው ላይ አንድ ጭልፋ ጎመን አድርጊበት፣ ማታ ደግሞ ግማሽ አቮካዶ። አምስት ሞላልሽ። እንቁላል የተገኘ ቀን ስድስት ነው። ያለነው ደግሞ አቮካዶ በሚበቅልበት በሲዳማ ምድር ነው፤ ወቅቱ ሲሆን በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ይሸጣል።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ የማብሰያ ጊዜም ፍሪጅም የለንም። ምን እንብላ?

ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ውስጥ እንዲህ የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። ሳያበስሉ የሚበላ ጥሩ ምግብ አለን። በሶ አለ። የገብስና የሽምብራ ቆሎ አለ፣ ለውዝ ወይም ሱፍ ጣል ሲደረግበት ደግሞ የበለጠ ያጠግባል። አቮካዶ በዳቦ፣ ሙዝ፣ ጠዋት ሻይ ሲፈላ አብሮ የሚቀቀል እንቁላል። አራት ከሆናችሁ ተራ አውጡ፤ አንዷ በአራት ቀን አንዴ ብቻ ነው የምታበስለው። ሽሮ ወይም ምስር በጎመን፣ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ። ፍሪጅ ሳይኖር የሥጋና የወተት ነገር አታሳድሩ፤ የቆየ ወጥ ስታሞቁም ለብ አድርጋችሁ አትተዉት፣ እስኪንተከተክ ጠብቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ምሳ አትዝለሉ። ሙሉ ቀን ማሽን ላይ ቆሞ መዋል በባዶ ሆድ አይቻልም፤ ራስ ማዞርና ዓይን ማጭለምለም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ቆጮና ቡላ ብቻውን በቂ ነው? አባቶቻችን በሱ አድገዋል።

ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድ ይይዛል፣ ካልሲየምም አለው። ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። አባቶቻችን ብቻውን አልበሉትም፤ ወተት ነበራቸው፣ ጎመን ነበራቸው፣ ቦሎቄ ነበራቸው። ቡሪሳሜ የሚባለው የቆጮ ምግብ ሲሠራ ቂቤና ወተት አብሮት የሚቀርበው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ዛሬ ከተማ ውስጥ ቆጮው አለ፣ ወተቱ ግን ጠፋ። ስለዚህ ዋሳ (ቆጮ) ስታቀርቢ አጠገቡ ዓይብ ወይም ቦሎቄ ወይም ዓሣ፣ ከነሱ ጋር ጎመን ይኑር። ለትንሽ ልጅ የቡላ ገንፎ ስታገነፊም ውሃውን በወተት ተኪው፣ ወይም እንቁላል ምቺበትና አብሮ በደንብ ይብሰል።

ዓሣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንብላ? ጥሬውስ?

ሁለት ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሐይቅ አጠገብ ተቀምጠን ዓሣን የእንግዳ ምግብ ማድረጋችን ይቆጨኛል። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ፕሮቲኑ የተሟላ ነው፣ ለልጅም ለሽማግሌም ለማኘክ ይለሰልሳል፣ ከእንስሳት ብቻ የምናገኘው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚንም አለው። ለልጅ ስትሰጪ አጥንቱን በዓይንሽ ሳይሆን በጣትሽ ፈልጊው፤ እያፈረስሽ ዳብሺው።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ሂጂ። ስትገዢ ጉንጩ ሥር ያለውን መተንፈሻውን ገልጠሽ እዪ፤ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ዓይኑ ጎላ ያለና የጠራ ይሁን፤ ጎድጉዶ ከደፈረሰ እለፊው። በጣትሽ ስትጫኚው ሥጋው ተመልሶ መነሳት አለበት። ገፍፈው ሲሰጡሽ ታዲያ ራሱንና አጥንቱን ጥለሽላቸው አትምጪ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ላይ ቆመው የሚጠብቁት እሱን ነው፤ አንቺ ውሰጂው። በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ቀቅለሽ ብታጠልዪው ለአምስት ሰው የሚበቃ ሾርባ ይወጣዋል።

ጥሬ ዓሣ በሎሚና በዳጣ መብላት እዚህ የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። ሎሚው ግን ሥጋውን ነጭ ያደርገዋል እንጂ ተህዋሱን አይገድልም። ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ሕመም ላለበት ሰው አይሆንም። ጥብስ ከሆነ ደግሞ የሚጠበስበትን ዘይት ቀለም አይተሽ እዘዢ፤ የጠቆረ ከሆነ ሾርባ ወይም ጉላሽ ይሻልሻል።

ቡና ከምግብ በኋላ ደም ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

ደም አይቀንስም፤ ከምግቡ የምናገኘውን ብረት ግን ይይዝብናል። ቡናም ሻይም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከጥራጥሬ፣ ከጤፍና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሻይ እንዲያውም ይብሳል። ሥጋ የማይበዛበት ቤት ብረቱን የሚያገኘው ከነዚህ ነው፤ ምስር ወጥ በልተን ወዲያው አቦል ስንቀጥል ብዙውን አስመለስነው ማለት ነው።

ቡናውን ተዉት አልልም። ሰዓቱን ብቻ አንቀሳቅሱት። ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው ቡና እንዲያውም ትክክለኛ ሰዓቱ ነው፤ ችግር ያለበት ምሳ ትሪ ሳይነሳ የሚቀርበው ነው። ቡና ቁርሱም ዳቦ ብቻ አይሁን፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ ይሁን። ለትንንሽ ልጆች በምግብ ሰዓት ሻይ አትስጡ።

ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ። ቀይ ሥር እየበላሁ ነው፤ ይበቃል?

አይበቃም። ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል ብለን ነው የምናምነው። ጥሩ አትክልት ነው፣ ብዪው፣ ግን 100 ግራሙ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም የማይሞላ ብረት ነው ያለው። ያው 100 ግራም የበሰለ ምስር ውስጥ ከ3 ሚሊ ግራም በላይ አለ። ሥጋ፣ ጉበትና ዓሣ ውስጥ ያለውን ደግሞ ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል። ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ወይም አጠገቡ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ አድርጊ፤ በነሱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ በሩን ይከፍትለታል። ከበሉ በኋላ ብርቱካን ወይም ፓፓያም ያው ነው።

ይሁንና ደም ያነሰበትን ምክንያት ሳታውቂ በምግብ ብቻ አትሩጪ። የወር አበባ መብዛት፣ ልጅ ቶሎ ቶሎ መውለድ፣ የሆድ ትል፣ ወባ፣ እነዚህ ሁሉ ደም ያሳንሳሉ። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሄሞግሎቢን ይባላል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው።

የብረት (አይረን) ክኒን ከታዘዘልሽ ደግሞ አትፍሪው። ሰገራ ያጠቁራል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሆድ ያደርቃል፤ ውሃ ጠጪ፣ ጎመንና ፓፓያ አብዢ። ማቅለሽለሽ ካመጣብሽ ማታ ስትተኚ ውሰጂው። በቡና፣ በሻይ ወይም በወተት አትዋጪው። ብዙ ሴቶች ሳምንት ወስደው "አልተስማማኝም" ብለው ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጡታል። እዚያ የተቀመጠው ክኒን ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ቢውጥ ይመርዘዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ቆልፊበት።

የሚረጋ ዘይት ወይስ የማይረጋ?

አቅም ካለሽ የማይረጋ። የሱፍ፣ የኑግ፣ የአኩሪ አተር። የሚረጋው ፓልም ግማሽ ያህሉ ልብና ደም ሥር ላይ የሚከብድ ቅባት ነው። ቂቤም ቢሆን ያው ነው፤ ለበዓል ይሁን። ያለሽ ፓልም ብቻ ከሆነ ደግሞ መጠኑን ቀንሺ፤ ወጡ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ወጡ ተዋጣለት የሚለውን እንተወው። አንዴ የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግመሽ አትጥበሺበት።

ጨው ሁሉ አንድ አይደለም? አዮዲን ያለው ለምን ይባላል?

አዮዲን ያጣች እናት እንቅርት ብቻ አይደለም የሚያገኛት፤ የምትወልደውም ልጅ አእምሮ ይጎዳል። አገራችን በ2003 ዓ.ም ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ይኑረው ብላ ደንብ ያወጣችው ለዚህ ነው። አዮዲን ግን ተኖ ይጠፋል። ፀሐይ፣ እርጥበትና ረጅም መፍላት ይጨርሱታል። ስለዚህ በታሸገው ግዢ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪ። ክዳኑን ከፍተሽ ምድጃው አጠገብ አታስቀምጪው። በቀን ለአንድ አዋቂ በጠቅላላው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦውና ማጣፈጫው ኩብ ውስጥ ያለው ጨው ሁሉ ተቆጥሮ ማለት ነው።

የልጄ ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። አለመቦረሽ ነው?

ላይሆን ይችላል። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚህም፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ መቂና ወደ አዳማም ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይዱ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ድንጋዩና እሳተ ገሞራ ያለፈበት መሬቱ ነው። ጥርስ ከድድ ሥር እየተሠራ ባለበት ዕድሜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ልጅ ይህን ውሃ እየጠጣ ካደገ ጥርሱ በልዞ ነው የሚወጣው፤ በጣም ሲበዛ ደግሞ ለብዙ ዓመት የጠጣውን ሰው አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውሃውን ያፈሉታል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይከርራል። ቤታችሁ የምትጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የአካባቢያችሁን ውሃ አገልግሎት ይመርመርልን በሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ለልጆች መጠጥና ገንፎ ከሌላ ምንጭ የመጣ ውሃ ለዩ፤ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፈልቶ ይሆናል። ጥርስ መቦረሹ ይቀጥል፣ ሳሙናው ለትንሽ ልጅ የአተር ፍሬ ታህል ብቻ።

ሕፃን መቼ ነው ምግብ የሚጀምረው? እዚህ ሙቀት ስለሆነ ውሃ መስጠት አለብን ይሉኛል።

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ። ውሃም አይሰጥም። የጡት ወተት ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሲሞቀው ደጋግመሽ አጥቢው። ሲወለድ የሚሰጠው ቂቤ፣ የጤና አዳም ውሃ፣ ስኳር ውሃ፣ ሁሉም ይቅር። እንገሩን "ቆሽሿል" ብለው አልበው የሚደፉት አሉ። እባካችሁ እንዳትደፉት። ያ ቢጫ ወፍራም ወተት የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው ብዬ ነው የምነግራቸው።

6 ወር ሲሞላው ገንፎ ይጀምራል፣ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ገንፎው ወፍራም ይሁን። ማንኪያውን ዘቅዘቅ ስታደርጊው ወዲያው ከፈሰሰ ቀጭን ነው፤ የልጁ ሆድ ትንሽ ናት፣ በውሃ አትሙያት። ዱቄቱን ሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ አድርገሽ አመሳቅዪ፣ ሲበስል እንቁላል ወይም የተፈጨ ዓሣ፣ ካሮት ወይም ዱባ፣ ትንሽ ዘይት። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ። የላም ወተትም ገንፎ ውስጥ ይገባል እንጂ ዓመት ሳይሞላው የጡት ምትክ አይሆንም።

ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናቴ እንቁላል፣ ወተትና ሙዝ እንዳትበላ ከልክለዋታል፤ ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል፣ ይወፍርና ምጥ ይከብዳታል ይላሉ። ምን ላድርግ?

ስለጠየቅህ አመሰግንሃለሁ። የሚለጠፍ ነገር የለም። ምግብ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ በደም ነው ወደ ልጁ የሚደርሰው፤ እንቁላሉ እንደ እንቁላል አይሄድም። ሲወለድ ራሱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ቆዳውን የሚጠብቅለት የተፈጥሮ ቅባት ነው፣ ምንም ያልበላች እናት ልጅም ላይ አለ። ምጥ የሚከብዳት የደከመችና ደም ያነሳት እናት ናት። ከወትሮው በተጨማሪ በቀን አንድ ጊዜ መብላት አለባት፤ ስታጠባ ደግሞ ሁለት።

ለእናትህ ግን "ተሳስተዋል" ብለህ አትጀምር። እሳቸውም ለልጅ ልጃቸው ተጨንቀው ነው። ለክትትል ስትሄዱ አብረው ይምጡ፤ ከባለሙያው አፍ ሲሰሙት ይለያል። ብዙ አማቶች እንዲህ መጥተው ሲመለሱ እንቁላሉን ራሳቸው ነው የሚቀቅሉት።

ክትትል ላይ የሚሰጣትን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ትዋጥ። ፎሊክ አሲድ እንዲያውም ከእርግዝና በፊት ቢጀመር ነው የሚመረጠው፣ ምክንያቱም የልጁ አከርካሪና አንጎል መሠረት የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ። ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ዓሣና ያልፈላ ወተት ይቅርባት። አልኮልና ጫት ጨርሶ። ቡና ከሁለት ሲኒ አይብለጥ። ጉበት ደግሞ ለደም ጥሩ ነው ተብሎ በየሳምንቱ አይሰጣት፤ በጣም ብዙ ቫይታሚን ኤ ስላለው ሲበዛ ጽንሱን ይጎዳል። ምስር፣ ቀይ ሥጋና ዓሣ ይበቃታል።

የጾም ወቅት ሲመጣ ምን ላድርግ? እያጠባሁ ነው።

የሃይማኖቱን ጉዳይ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ የምታጠቢ መሆንሽን ንገሪያቸው፣ ብዙዎቹ ይረዱሻል። ረመዳን የምትጾሚም እህቴ ብትሆኚ ለራስሽ ወይም ለልጁ ከሰጋሽ ሌላ ጊዜ ለማውጣት ፈቃድ እንዳለሽ ታውቂዋለሽ። እኔ የምነግርሽ የሰውነቱን ነው።

የጾም ምግባችን ጠንካራ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ለውዝ። ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ መሆኑ ነው፤ ረጅም ጊዜ የምትጾም የምታጠባ እናት ወተትም ቢ12 ያንሰዋል። ሁለተኛው ጾሙ ሳይሆን የምንጾምበት መንገድ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ቆይተን ከዚያ በቲማቲም ፍትፍትና በድንች ብቻ እናልፈዋለን። የጾም ትሪ ላይ ጥራጥሬ ሳይኖር አይቅረብ። ለልጆች ደግሞ የጾም ቀን ነው ተብሎ እንቁላልና ወተት አይከልከል። የሚያሳስበው ብዙ ጊዜ የልጁ መጾም አይደለም፤ ድስቱን ላለማነካካት ተብሎ የልጁ እንቁላል መቅረቱ ነው። አንዲት ትንሽ ድስት ለይታችሁ ለሱ ብቻ አድርጓት።

ሁሉም በልቶ ሲጨርስ ነው እኔ የምበላው። የቤት ልማድ ነው፤ ችግር አለው?

አለው። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ልቤን የሚነካው ይህ ነው።

እናቴ ሁልጊዜ "እኔ ስሠራ ቀማምሻለሁ" ትለን ነበር። እንቁላሏን ለአባቴ፣ ሥጋዋን ለእኛ፣ ከዚያ በቀረችው እንጀራ ድስቱን ጠርጋ ቡናዋን ታቀርባለች። ያኔ ጠግባ ይመስለን ነበር። ደረጃ ስትወጣ ለምን ቆም ብላ እንደምትተነፍስ የገባኝ ይህን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ዛሬም እናቶችን "ትናንት ማታ ምን በላሽ?" ስላቸው ልጆቹ የበሉትን ይነግሩኛል። "አንቺስ?" ስል ዝም ይላሉ።

የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል። ለወንድ 8 ይበቃዋል። ማለትም ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀይ ሥጋውም ምስሩም በብዛት የሚያስፈልጋት እሷ ሆና እያለ ሥጋው አልቆ መረቁ ነው የሚደርሳት። የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ለልጁ ወተት የምትሠራው ከራሷ ገላ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ወጡ ከእሳት እንደወረደ፣ ማንም ሳይቀመጥ፣ የራስሽን ድርሻ ክዳን ባለው ዕቃ ቀንሰሽ አስቀምጪ። ሥጋ ካለ ሥጋው ይኑርበት። ከቻላችሁ ግን ከዚህ የሚሻለው አንድ ላይ መቅረብ ነው፤ እንጀራው ቀድሞ ይቅረብ፣ ውሃው ይቀዳ፣ ልጆቹ ያቅርቡ፣ አንቺም ተቀመጪ። ባሎች፣ ይህን የምታነብቡ ካላችሁ "አንቺ ሳትቀመጪ አንጀምርም" የምትለዋን አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ማታ በሏት። እሷ ለራሷ ስትለው ነውር ይመስላታል፤ ከእናንተ ሲመጣ ይቀላታል።

ከወለድኩ በኋላ በጣም ወፈርኩ። ሎሚ በሙቅ ውሃ እየጠጣሁ ነው፣ ለውጥ የለም።

ሎሚ ስብ አያቀልጥም። የሚሸጠው የማቅጠኛ ሻይም አብዛኛው ሆድ የሚያስቀምጥ ነው፤ የቀነሰው ውሃ ነው፣ ሲጠጣ ይመለሳል፤ ለምታጠባ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የአራስ አጥሚቱና ገንፎው ላይ ነው። ለአራስነት ሳምንታት የተሠራ ቂቤና ስኳር የበዛበት ምግብ ስድስት ወር ሲቀጥል ያወፍራል። አጥሚቱን ተዪው አልልሽም፤ ስኳሩን ቀንሺ፣ ቂቤውን ለቅምሻ አድርጊው።

ለስላሳ ካለ እሱን አቁሚ። አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። ከዚያ መራመድ። በሳምንት 150 ደቂቃ ነው የሚባለው፣ አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ለእግርም ለሳይክልም ትመቻለች። ልጁን አዝለሽ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቁን ይዘሽ ወደ ጉዱማሌ ሂጂ፣ ልጁም የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። የምታጠቢ ከሆነ ምግብ አትዝለይ፤ ቀስ ብሎ የወረደው ነው የሚቆየው።

ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ አማቴ ግፊት አለባቸው፣ የሦስት ዓመት ልጄ ደግሞ ከስቷል። በየቀኑ ሦስት ድስት ልጣድ?

አትጣጂ። አንድ ድስት ይበቃል፤ የሚለየው አቀራረቡ ነው። ምስር በጎመን ሠርተሻል እንበል። ጨውን ከመጀመሪያው ለአማትሽ በሚሆነው ልክ አድርጊ፣ ኩብ አትጨምሪ። ጨው ያነሰበት ለራሱ ዳጣ ያድርግ። ምላስ በሁለት ሦስት ሳምንት ይለምዳል። የግፊት መድኃኒታቸውን "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለው እንዳያቋርጡ እይልኝ።

ለባለቤትሽ እንጀራ አይከለከልም፤ ቀይ ጤፍ ነው ተብሎ ግን እንደልብ አይበላም፣ እሱም ስኳር ይጨምራል። አንድ ትሪ ላይ ስትበሉ ስንት እንደበላ አይታወቅም። ለሱ በሰሃን አቅርቢለት፦ ግማሹ ሰሃን ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሩቡ እንጀራ። መጀመሪያ አትክልቱንና ምስሩን ቢጀምር፣ ከበላም በኋላ ሰፈሩን አንድ ዙር ቢዞር ስኳሩ ቶሎ አይወጣም። መርፌ ወይም ክኒን እየወሰደ ምግብ አይዝለል፣ ስኳሩ ወርዶ ይወድቃል። አብሽ፣ ሽፈራው፣ እሬት እየጠጣ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ሆኖ ይበላ፣ መድኃኒቱን ግን አይተካም።

ለልጁ ከዚያው ድስት በርበሬ ሳይበዛ ቀድመሽ አውጪለት። ምስሩን አድቅቀሽ እንጀራውን አርሺበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቂቤ ጣል፣ እንቁላል ወይም አቮካዶ አጠገቡ። የራሱ ሰሃን ይኑረው፤ ከታላላቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ይሸነፋል። በቀን አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዋና ምግብና ሁለት መክሰስ። ምግብ ሊቀርብ ሲል ብስኩትና ለስላሳ አይስጡት። የሆድ ትልም ሊሆን ይችላል፤ ይመርመር። ጤና ጣቢያ ስትወስጂው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የክንዱን ዙሪያ እንዲለኩት ጠይቂ፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም እግሮቹ አብጠው ስትጫኛቸው ጎድጉደው ከቀሩ፣ ቤት ምግብ እያሻሻልሽ አትጠብቂ። ያን ቀን ሕክምና ይጀምር።